አጥንት ቆጣሪው

የሙዚየሙን የዓሣ ክፍል የሚመራው ሰው በባልደረቦቹ ዘንድ «አጥንት ቆጣሪው» ይባላል። ቅጽል ስሙ በሁለት በኩል ይገልጸዋል። በሥራው ዓሣን በአጥንቱ ይመድባል፤ ከሥራ ውጭ ደግሞ ያገኘውን ሰው ሁሉ «የማን ወገን ነህ?» ሳይል አያልፍም።

ያን ቀን ገና ከረፋዱ ቆሽቱ አርሯል። ጽዳቶቹ የመስታወት ሳጥኖቹን ሲወለውሉ ስቲንግሬዩን፣ ያን ጅራቱ ላይ መርዘኛ እሾህ ያለውን ዝርግ ዓሣ፣ ከሻርኮቹ ክፍል አውጥተው ከጠፍጣፋ ዓሦች ጋር ደባልቀውታል። ስንቴ ይነገራቸው! ይባስ ብሎ ሴት ልጁ አገባዋለሁ የምትለውን ወጣት ይዛ፣ አያቷን፣ የእሱን እናት፣ አስከትላ መጣች። ወጣቱ ያደገው ሕፃናት ማሳደጊያ ነው። አባትየው «ወገኑ የማይታወቅ ሰው ልጄን አያገባም» ካለ ሰነባብቷል።

«ከእነዚህ ጋር ይዛመዳል አይደል?» አለ ወጣቱ ስቲንግሬዩን እያየ፣ ለጨዋታ ያህል። «ቁርጥ እነሱን ነው።»

«መልክ ምን ይሠራል? አንድ አሸዋ ላይ ተኝተው ስለኖሩ ነው የተመሳሰሉት። የዚህ ወገኑ ሻርክ ነው። እኔ የምቆጥረው አጥንት ነው!» ሲናደድ የግራ ቅንድቡን ያሻል። ከጎኑ የቆሙት እናቱም የግራ ቅንድባቸውን ያሻሉ።

«እሱ አጥንት የለውም አባዬ፤ ውስጡ እንደ ጆሮ ይለመጣል ያልከኝ አንተ ነህ» አለች ሴት ልጁ። «አጥንት ለሌለው ዓሣ ወገን አግኝተህ ለሰው አቃተህ?»

«አለመኖሩም ይቆጠራል!» ብሎ ጮኸ። ጎብኚዎች ዞረው አዩት።

እናቱ ወደ ወጣቱ ጠጋ አሉ። «የማሳደጊያው በር አሁንም ሲከፈት ሲጢጥ ይላል?»

«ዘይት ቢቀቡትም አልተወ፣ እማማ» ብሎ ሳቀ ወጣቱ።

አጥንት ቆጣሪው ክው አለ። እናቱ ያን በር የት ያውቁታል? ሟቹ አባቱ ትዝ አሉት፤ በየሰበቡ ከቤት የሚጠፉ ሰው ነበሩ። ወጣቱን እንደገና አየው። ግንባሩ የአባቱን መሰለው። መልክ ምን ይሠራል ያለው ሰውዬ! ይሄ የአባቴ ልጅ ከሆነ ልጄ የገዛ አጎቷን ልታገባ ነው ብሎ አሰበ።

ቤት ሲገቡ ሴት ልጁ ሻንጣዋን ኮሪደሩ ላይ አቆመች። «ወይ መርቀን፣ ወይ ዛሬውኑ እወጣለሁ። ተመልሼም አልመጣ።»

እናቱን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በሩን ዘጋ።

«እማዬ፣ አታድክሚኝ! የአባቴን ገበና ስትሸፍኚ ልጄን ላጣት ነው። ዘራችንን ቁጠሪልኝ ባልኩሽ ቁጥር ራሴን አመመኝ ትያለሽ። አሁን ግን ንገሪኝ፤ ያ ልጅ ዘመዳችን ነው?»

እናቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የግራ ቅንድባቸውን አሹ። ከዚያ እጁን ያዙት።

«የለም ልጄ» አሉ። «እሱ ዘመዳችን አይደለም። አንተም አይደለህም።»