ንግሥት በነፃ

የሴቶች የደብዳቤ ቼዝ ሻምፒዮኗ ሦስቱን ዋንጫዎቿን የበላችው ከቤት ሳትወጣ ነው። ሳትወጣ ሲባል ለአባባል አይደለም። ባሏ ጠዋት ሥራ ሲሄድ በሩን ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከተዋል። “ለአንቺው ብዬ ነው፤ ጊዜው ክፉ ነው” ይላታል። ስልክ የላትም። ጎረቤት ደግሞ ጎረቤት ነውና “ታድላ፣ እንዴት የሚሳሳላት ባል አላት” ይላል።

ባልየው የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። ሰው የጻፈውን ሲያቃና ይውላል። ማታ ሲገባም ምንጣፉን ያቃናል፣ መጋረጃውን ያቃናል፣ የሚስቱን ንግግር ያቃናል። ቼዙን የፈቀደላት ፖስት ካርዱ ላይ የሚጻፈው የትኛው መጫወቻ የትኛው ቤት እንደሄደ ብቻ ስለሆነ ነው። ከዚያ ያለፈች ቃል ካለች በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛታል። ካርዱን ፖስታ ቤት የሚያደርሰውም ራሱ ነው።

ስታሸንፍ ግን ኩራቱ ሌላ ነው። እያየ እያየ ጨዋታውን ለመደው። ማተሚያ ቤት፣ መሳቢያው ውስጥ፣ ትንሽ ሰሌዳ አለችው። ካርዷን ከመላኩ በፊት ለባልደረቦቹ እየደረደረ “የኔዋ ምን እንዳደረገች እዩ” ይላቸዋል።

ሦስተኛውን ዋንጫ የተቀበለች ዕለት አብሯት ሄዶ ከጎኗ ንቅንቅ አላለም። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ግን ተከትሎ መግባት አልቻለም። እዚያ የዘወትር ተጋጣሚዋ እጇን ያዘቻት። ተጋጣሚዋ የጥርስ ሐኪም ናት፤ አፍ ቢዘጋም ሕመም ይታያታል።

“እህቴ፣ አንቺ ንግሥትሽን በከንቱ ሰጥተሽ አታውቂም” አለቻት። “የጨነቀሽ ቀን በነፃ ስጪኝ። ካርዱ በደረሰኝ ማግስት ፖሊሱን ወንድሜን ይዤ መጥቼ በሩን አስከፍታለሁ።”

ያን ቀን ሻምፒዮኗ አልደፈረችም። ዛሬ ነገ ስትል ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ባሏ ነገራት። በወሩ መጨረሻ ከከተማ የራቀ ቤት ይገባሉ፤ ጎረቤትም ፖስታ ቤትም የለውም። ከጥርስ ሐኪሟ ጋር የጀመረችው የፍጻሜ ጨዋታ የመጨረሻዋ ነው።

“ሻምፒዮን ሆነሽ ብታቆሚ ያምርብሻል” አላት።

ጨዋታው በእጇ ነበር። ንግሥቷን አንድ ቤት ወደፊት ብታስጠጋ አለቀ። እሷ ግን ሁለት ቤት አስኬደቻትና ተራ ወታደር አፍ ውስጥ ከተተቻት። በማግስቱ ጠዋት ካርዱን ሰጥታው ቶሎ ብላ ሳህን ማጠብ ጀመረች። አየት አደረገው፣ ኪሱ ከተተው፣ ቆልፎ ሄደ።

ሁለት ቀሚስና አንድ ጫማ በፌስታል ቋጥራ አልጋ ሥር ደበቀች። ካርድ በሦስት ቀን ይደርሳል። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ መኪና በቆመ ቁጥር እየተነሳች በሩ ላይ ጆሮዋን ትለጥፋለች። የሚመጣው ለሌላ ሰው ነው። በአሥረኛው ቀን የጥርስ ሐኪሟን መራገም ጀመረች። ወይ ፈርታለች፣ ወይ ለዋንጫው ስትል ንግሥቲቱን በልታ ዝም ብላለች። እሷን ብሎ እህት!

ዕቃ ሊጫን አንድ ቀን ሲቀረው ባሏ ፊቱ በርቶ የጥርስ ሐኪሟን ካርድ ይዞ ገባ። “እጅ ሰጥቻለሁ፤ ዋንጫው ያንቺ ነው” ይላል። ከሥሩ ያለው በቀይ ቢሰረዝም ይነበባል፦ “ደህና መሆንሽን በማየቴ ደስ ብሎኛል።”

ደግማ አነበበችው። ንግሥት በነፃ የተሰጠው ሰው እንዴት እጅ ይሰጣል?

ባሏ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። “ደግነቱ እኔ አለሁልሽ፤ የንግሥቲቱን ቤት ተሳስተሽ ጽፈሽ ነበር፣ በአዲስ ካርድ አስተካክዬ ላክሁልሽ።”