የመዳቧ ጥይት

ዘርአጽዮን በሥጋ ምትክ ለሙከራ የተኮሱበትን፣ በውሃ የራሰ የጋዜጣ ጥቅል በቢላ ሰንጥቆ ከፈተው። ራሱ የተኮሳት የእርሳስ ጥይት ደቅቃለች። ጥቁር ፍርፋሪዋ በየገጹ ተበትኗል፤ ካለፈችበት ቀዳዳ ስንዝር ያህል ርቆ የተሰካም አለ።

ታናሽ ወንድሙ ፊሊጶስ ደግሞ የራሱን ጥቅል ከፍቶ የመዳቧን ጥይት በሁለት ጣቱ ብድግ አደረጋት። ጫፏ በአራት ተከፍቶ ወደ ኋላ ታጥፏል እንጂ ከአካሏ የጎደለ ነገር የለም። አባታቸው አቶ ስብሓት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መዳፋቸውን ዘረጉ።

"እስቲ አምጣት። ወይ ጉድ! ፍርፋሪ የሚባል አልጣለችም?"

"ምንም አልጣለችም፣ አባባ። እርሳስ ግን ይኸው እንደሚያዩት ሥጋው ውስጥ ይበተናል፤ ለሚበላው ሰው መርዝ ነው።"

"እውነትህን ነው" አሉ አቶ ስብሓት፣ ጥይቷን እያገላበጡ። "ሥጋውን እኮ ሕፃናትም ይበሉታል።"

ከሲኤምሲ ቤቶች ወዲያ፣ ድንጋይ ወጥቶበት በተተወ ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። አቶ ስብሓት ወሎ ሰፈር ካለው ቤታቸው እየተነሱ የውጭ አገር አዳኞችን ወደ አርሲ ተራሮች ሲያወጡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ዘንድሮ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ለደጋ አጋዘን የሚመጣውን እንግዳ ከሁለቱ ልጆቻቸው አንዱ ይዞ ይወጣል። የሚታደነው እንስሳ ሥጋ ደግሞ እንደ ወትሮው አብረዋቸው ለሚወጡት ሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው ይታደላል።

ዘርአጽዮን ቢላውን ሱሪው ላይ ጠረገ። አባቱ አሁን ያሉትን ቃል ከጥቂት ዓመታት በፊት የተናገረው እሱ ነበር። ከአደን ሥጋ ወጥ ውስጥ ጥርሱ ያገኛትን የእርሳስ ቅንጣት መዳፉ ላይ አድርጎ፣ "አባባ፣ ይህን እኮ ሕፃናት ይበሉታል" ቢላቸው፣ "እኔ ዕድሜ ልኬን በልቼዋለሁ፤ ምን ሆንኩ? ደግሞ ልታስተምረኝ ነው?" ብለው በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ኩም አድርገውት ነበር። አሁን ያ ሁሉ ትዝ አይላቸውም። አንድ ጀርመናዊ እንግዳ የሰጠውን ጥይት ፊሊጶስ ይዞ ስለመጣ፣ ነገሩ ዛሬ ተወልዶ ዛሬ እውነት ሆነ።

"እንግዲህ ዒላማ ላይ እንያት" አሉ አቶ ስብሓት። "ዘርአ፣ አንተ ተኩስ፤ እጅህ የታመነ ነው። በደንብ ከሄደች ዘንድሮ በሷ ነው የምንወጣው። እንግዳውንም ፊሊጶስ ይዞት ይሂድ። ጥይቷን የሚያውቃት እሱ ነው።"

እንደ ቀላል ነገር ነበር የተናገሩት። ዘርአጽዮን ከመዳብ ጥይቶቹ አንዷን አጎረሰ። የላንድሮቨሩ ኮፈን ላይ በክርኑ ተደግፎ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው አስጠጋ። ፊሊጶስ የጠመንጃውን መነጽር ማለዳ ለአዲሷ ጥይት አስተካክሎታል። ማዶ የቆመው ካርቶን፣ መሐሉ ላይ በከሰል የተሣለው ክብ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየው። ትንፋሹን ለቀቀ፤ ምላጩን ሊስብ ሲል አፈሙዙን ወደ ግራ ገፋ አደረገው።

ከካርቶኑ ጎን ካለው ድንጋይ አቧራ ቦነነ።

"ካርቶኑን እንኳ አልነካችም!" አቶ ስብሓት ጥይቷን ጥቅሉ ላይ መልሰው ወረወሯት። "ይኸው! ለወሬ ነው እንጂ። በቃ፣ በለመድነው እንወጣለን። ዘርአ፣ እንግዳው ያንተ ነው።"

የፈለገውን አገኘ። ደረቱ ለአንድ አፍታ ቀለል አለው። ቀና ሲል ግን ፊሊጶስ ትክ ብሎ ያየዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ወንድሙ ቆሞ የሚጠብቅን ነገር ሲስት አይቶ አያውቅም። ፊሊጶስ ዓይኑን ሰብሮ ወደ አባቱ ዞረ።

"የኔ ጥፋት ነው፣ አባባ። መነጽሩን በደንብ አላጠበቅኩትም። ወንድም ጋሼ ምን ያድርግ?"

ዘርአጽዮን ጥርሱን ነከሰ። አባቱ ቢሰድቡት፣ ወንድሙ ቢያጋልጠው ይሻለው ነበር። ፊሊጶስ በአባታቸው ዘንድ መሰማትን ወሰደበት፤ ጉዞውን ወስዶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ለብቻው ሊወስደው ነው። ይህንን ሊተውለት አልቻለም። ወደ ወንድሙ እጁን ዘረጋ።

"ሌላ ስጠኝ።"

"መጀመሪያ መነጽሩን ልየው..."

"አትንካው። መነጽሩ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ የሳትኩት።"

"አንተ?" አሉ አቶ ስብሓት።

"እኔ ነኝ፣ አባባ። አውቄ ነው።"

ሽማግሌው ጥቅሉ ላይ የወረወሯትን ጥይት መልሰው አነሷት። ፊሊጶስ መዳፉ ላይ ጥይት አኖረለት፤ ጣቶቻቸው ሲነካኩ ሁለቱም ቶሎ ሰበሰቡ። ዘርአጽዮን አጎረሰ፣ ተደገፈ፣ ተኮሰ። በዚህኛው ከድንጋዩ አቧራ አልቦነነም።

ሊያዩ ሄዱ። ጥይቷ የከሰሉን ክብ መሐሉን በስታዋለች። አቶ ስብሓት ጎንበስ ብለው አዩት፤ ከዚያ ክንዳቸውን የፊሊጶስ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ።

"ልጄ፣ ጥሩ ነገር ነው ያመጣኸው። በል እንሂድ፤ ስለ ጉዞው እንነጋገር።"

ተያይዘው ወደ መኪናው አዘገሙ። ፊሊጶስ አንዴ ዞር ብሎ አየ፤ የአባቱ ክንድ ከብዶት ይሁን እንጃ፣ አልቆመም። ዘርአጽዮን ካርቶኑ ፊት ብቻውን ቀረ። ትንሿን ጣቱን ራሱ በበሳው ቀዳዳ ውስጥ ከተታት፤ ጠባብ ነበር፣ ገፋ ሲያደርጋት ገባች።

"ዘርአ! ና እንጂ!" አሉ አባቱ ከሩቅ።

በወዲያ በኩል ብቅ ያለችውን የጣቱን ጫፍ ብርድ ነካት። አላወጣትም።