ስድስቱ ቀንድ አውጣዎች

አንድ ልጅ በሰፈሩ ጌም ቤት የሚጫወተውን ሁሉ ይንቅ ነበር። "እናንተንማ ዓይኔን ጨፍኜም አሸንፋለሁ" ይላቸዋል። ስለዚህ የጭራቆች ፍልሚያ ውድድር ሲመጣ ጠንካራ ጭራቆቹን ትቶ ስድስት ቀንድ አውጣ መረጠ፤ ዛጎላቸው ውስጥ ከመደበቅ በቀር ምንም የማያውቁ፣ የጌሙ መሳቂያዎች። ለእያንዳንዳቸውም የጌም ቤቱን ልጆች ስም አወጣላቸው። ከሁሉ ደካማውን፣ አንድም ቀን አሸንፎ በማያውቀው በያፌት ስም ጠራው።

"ይኸው፣ ልካችሁ ይሄ ነው!" አለ፣ ስማቸው ስክሪኑ ላይ ሲደረደር። ማንም አልሳቀም።

እንዲያም ሆኖ በጨዋታ ችሎታው ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው የሌላ ሰፈር ልጅ ዘንዶ ይዞ መጣ። ዘንዶው አምስቱን ቀንድ አውጣ አንድ በአንድ አቃጠላቸው። ያፌት ብቻ ቀረ። ዛጎሉ ውስጥ ገብቶ ተሸጎጠ፤ ዘንዶው እሳቱን ተፋ፣ ተፋና ጉልበቱ አለቀ። ያኔ ቀንድ አውጣው ብቅ ብሎ አንዴ ገፋ ቢያደርገው ዘንዶው ተዘረረ። የያፌት ስም ስክሪኑ ላይ በትልቁ በራ።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ልጆቹ ሊሸከሙት የመጡ መስሎት ብድግ አለ። አልፈውት ሄዱ፤ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ያፌትን ተሸክመው እየጨፈሩ ወጡ።

የጌም ቤቱ ባለቤት እነሱን ለመከተል እየሮጠ፣ "አንተ ምን ይገትርሃል? ና ውጣ እንጂ፣ ያፌት አሸነፈ እኮ!" አለው።