የጊኒ ፒጎቼ ቀለብ

ዘበኛዬ ጊኒ ፒጎቼን «ጭራ የሌላቸው አይጦች» ነው የሚላቸው። ከቢጫው ድርቆሽ ጋር አረንጓዴውን ደረቅ ሳር ቀላቅልላቸው ስለው፣ «ሁለቱም ሳር አይደል እንዴ፣ እትዬ?» ይለኛል። ደንቆሮ!

ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ቀለብ ትቼላቸው ዱባይ ሄድኩና ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ጆንያዎቹ ባዶ ናቸው፤ ጊኒ ፒጎቼ ግን ደልበዋል።

«ምን አበላሃቸው?»

«ሳር ነዋ፣ እትዬ።»

«ከየት አምጥተህ?»

አንገቱን ደፋ።

ገባኝ። ከጎረቤት ላሞች ሰርቆ ነዋ! እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ምን ያውቃል? እጅ ከፍንጅ ልይዘው ማደሪያውን በርግጄ ገባሁ።

የተደበቀ ሳር አልነበረም። አልጋው ላይ ግን የሳር ፍራሹ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ባዶ ጨርቁ ብቻ ተነጥፏል።