ውሃውን ያስሞላው

ውሃው በአዲሱ ማጠራቀሚያ ግድግዳ ስንጥቅ እየተንዠቀዠቀ ወርዶ የወይዘሮ ፀደይን ጫማ አራሰው። ለምረቃው ከዋናው ቢሮ የመጡት ዳይሬክተር እግራቸውን አልሰበሰቡም። ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት፤ ከዚያ ዘወር ብለው የፕሮጀክቱን አስተባባሪ ዓለምብርሃንን አዩት።

«ሲሚንቶው ሳይጠነክር ነው ውሃ የገባበት» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ማነው ሙሉት ያለው?»

ሙሉት ያለው ዓለምብርሃን ራሱ ነበር። ሳያውቅ ነው አይባልም። ከፎርማኑ ከአያ ምሳው ጋር ተመካክረው ግድግዳው እየረጠበ ጥቂት ሳምንት እንዲቆይ ተስማምተው ነበር። ሰኞ ዕለት ከዋናው ቢሮ «እንግዶች ሐሙስ ይመጣሉ» የሚል መልእክት በሬዲዮ ሲደርሰው ግን ባዶ ማጠራቀሚያ ማሳየት አስጠላው፤ የሚፈስ ውሃ፣ እልል የሚል ሕዝብ አማረው። ምሳው ይቅርብን ብሎ ለመነው። እሱ ደግሞ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ኃላፊነቱ የእኔ ነው ብሎ አስሞላው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ዓለምብርሃን ግን መልቀሙንም ለሌላ ሰው ተወው።

«ፎርማኑ ነው» አለ። «እኔ ሰቆጣ ነበርሁ።»

ሰቆጣስ ነበረ። የሄደው ግን ካስሞላው በኋላ ነው።

ምሳው አካፋውን ተደግፎ እዚያው ቆሟል። ወይዘሮ ፀደይ ወደ እሱ ዞረው እውነት መሆኑን ጠየቁት። ምሳው መልስ ከመስጠቱ በፊት ዓለምብርሃንን አየው፤ አልተቆጣም፣ አልተገረመምም። ዓለምብርሃን ጆሮው ድረስ ጋለ። አሁን ልናገር ብሎ አሰበ፣ ግን ዓይኑን ወደ ስንጥቁ መለሰ።

«ጥፋቱስ ጥፋት ነው፣ እሜቴ» አለ ምሳው።

የማን እንደሆነ አላለም። ዳይሬክተሯም ያንን ልብ አላሉትም። ጋዝጊብላ ወረዳ ለሚጀመረው አዲስ ሥራ ሌላ ፎርማን እንዲፈልግ ዓለምብርሃንን እዚያው አዘዙት፣ እሱም እሺ አለ። እሺታው እንዴት ቀሎ እንደወጣለት ሲያስበው ራሱን ጠላው። ምሳው ያንን ሥራ ተስፋ አድርጎ ባንቺ የምትባለውን ልጁን ዓረብ አገር እንዳትሄድ አስቀርቷታል። «ሥራ አለኝ፣ ምን ጎደለብሽ አልኋት» ብሎ ድንጋይ ሲያስተካክሉ የነገረው ለማንም ሳይሆን ለዓለምብርሃን ነው።

አሸዋና ድንጋይ ሲያግዝ የከረመው የመንደሩ ሰው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ማጉረምረም ጀመረ። አሮጊቷ ወለተ ሐና ምሳውን ለምን ዝም እንዳለ ጠየቁት። እሱም በዚያው ቋንቋ፣ እንግዳ በተራበ ሆዱ የቤት ገበና አይሰማም፣ መጀመሪያ ይብሉ ብሎ መለሰላቸው። ወይዘሮ ፀደይ ምን እንደሚባባሉ ዓለምብርሃንን ጠየቁት። ዓለምብርሃን አፉን የፈታው በኽምጣኛ ነው።

«አዝነው ነው» ብሎ ተረጎመ።

አምና አምደወርቅ ከተማ ላይ እነዚህኑ ሰዎች ሰብስቦ ስለ ፕሮጀክት አመራር ያሠለጠነው እሱ ነበር። ዕቅድ፣ የሥራ ክፍፍል፣ ክትትል እያለ ከሰሌዳው ፊት ሲንጎራደድ ውሎ፣ በመጨረሻ መሪ ማለት ሥራው ሲያምር «እኛ»፣ ሲበላሽ «እኔ» የሚል ሰው ነው ብሎ ሁሉንም በአንድ ድምፅ አስብሏቸው ነበር። ጎበዝ አስተማሪ ነበር፤ ሁሉም አጨብጭበውለታል።

ምግቡ ዳስ ውስጥ ቀረበ። መንደሩ ለምረቃው ብሎ ፍየል አርዷል፤ ምረቃው ቢቀርም ፍየሉ አይቀርም። አስተናጋጆቹ ዓለምብርሃንንና ምሳውን እንደ ወትሮው ጎን ለጎን፣ ከዳይሬክተሯ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ከትሪው ዙሪያ ያለው ሰው ከእንግዶቹ በስተቀር እውነቱን ያውቃል፣ ግን እጅ ያስታጥባል፣ ብሉ ብሉ ይላል። ዓለምብርሃን አቀርቅሮ ይበላል። መኪና ውስጥ እነግራቸዋለሁ እያለ ራሱን ያጽናናል። በመንገድ ላይ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ቁጣቸውም በርዶ ይሆናል። እንዲያውም ቢሮ ገብተው ሲያርፉ ይሻላል። ሐሳቡ ትንሽ አሳረፈው፣ ምግቡም መጣፈጥ ጀመረ።

ያን ጊዜ የምሳው እጅ ከፊቱ መጣ። ሲሚንቶ የበላው እጅ ነው፣ ጣቶቹ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቀዋል። ከራሱ በኩል ያለውን ደህናውን ሥጋ መርጦ ጠቅልሎታል። ጉርሻ አይመለስም፤ ዓለምብርሃን ተቀበለ። አፉ ሞላ፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

ወይዘሮ ፀደይ ደስ አላቸው። ሥራ ቢበላሽም ሰው እንዲህ ሲዋደድ ማየት ጥሩ ነው ብለው ለሾፌራቸው ነገሩት። ማንም አልሳቀም።

ምሳው ሁለተኛውን እየጠቀለለ ነበር። አልቸኮለም። አጠንክሮ ጠቅልሎ ወጥ አጠቀሰና ወደ ዓለምብርሃን ዞረ፣ ፊት ለፊትም አየው።

«እንካ» አለ በአማርኛ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «አንድ ያጣላል።»

ዓለምብርሃን የፊተኛውን ገና አልዋጠውም። በሰው ሁሉ ፊት አፉን ከፈተ።