ጭምብል ያደረገው ባለሙያ

ጎረቤቴ አያ በሪሁን በስብሰባ መሀል «ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ስለ መድኃኒት ምን ያውቃል?» ብሎ ካሳቀብኝ ወዲህ ለሰላምታ እንኳ ፊት ሰጥቼው አላውቅም። ዘንድሮ ተምች በቆሎዬን ሊጨርሰው ሲደርስ የተባይ መድኃኒት ገዛሁ። በታዘዘው መጠን በጠበጥኩ። የዝናብ ልብስ፣ መነጽር፣ ጭምብልና ጓንት አደረግሁ፤ ሚስቴ ከሰው ተውሳ ያመጣችልኝን ቦቲ ተጫማሁና ነፋሱ ጋብ ሲል አመሻሹ ላይ ማሳዬ ገባሁ።

አያ በሪሁን ከአጥሩ ወዲያ፣ ከንብ ቀፎው አጠገብ ሆኖ አየኝና ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንደምን አመሹ፣ ጌታዬ! ከወረዳ ነው የመጡት?»

አላወቀኝም! ሳቄን በጭምብሉ ውስጥ አፍኜ ድምፄን ወፈር አደረግሁ።

«አዎ። ንቦችህ ገብተዋል?»

«ገብተዋል፣ ጌታዬ።»

«የቀፎውን አፍ ዝጋ! ዶሮዎችህን አስገባ! ልጆቹ ወደዚህ ዝር እንዳይሉ!»

«እሺ፣ ጌታዬ!»

ያ ኩሩ ሰውዬ ዶሮ ሲያባርር ጭቃው ላይ ተንሸራቶ በቂጡ ቁጭ አለ። ደስታ አሰከረኝ! ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ ተምቹ የተሸሸገበትን የበቆሎውን እምብርት እየረጨሁ፣ መርጫውን እንዳዘልኩ እስክስታ ልወርድ ምንም አልቀረኝም።

ስጨርስ አያ በሪሁን እጁን አጣምሮ አጥሩ ጥግ ቆሟል።

«ሌላ የሚያዙኝ አለ፣ ጌታዬ?»

«ከዚህ ማሳ ዳር ሣር አጭደህ ለከብት እንዳትሰጥ! በል ሂድ።»

«እሺ» አለና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። «ቦቲዬን ግን በሳሙና አጥበህ መልስልኝ።»