የቀትር ፒያኖ

ፒያኖ ቃኚው ወደዚያ ቤት የተጠራው፣ አንድ ሽማግሌ «ባለቤቴ ከሞተች በኋላም ትጫወታለች» ብለው አልሰማ ስላሉ ነው።

በሩን የከፈተችለት ልጃቸው ናት። የቀኝ እጇ አንጓ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ስትጽፍ ትውላለች፤ ለምሳ ብቻ ብቅ ብላ አባቷን ታበላለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ፒያኖውን ከፍታው እንደማታውቅ ነገረችው።

«አባዬ ግን በየቀኑ ቀትር ላይ እሰማታለሁ ይላል። እኔ ምንም ሰምቼ አላውቅም። ደስ ይበለው ብዬ ነው የጠራሁዎት።»

ሽማግሌው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። አርባ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ሟቿ ደግሞ የፒያኖ አስተማሪ። ባል በጽሕፈት መኪና፣ ሚስት በፒያኖ፣ ያ ቤት ጸጥታ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር።

«ድምፁ ከተበላሸ ትተወዋለች» አሉት ሽማግሌው። «እሷ ከተወችው ይሄ ቤት መቃብር ነው። አደራህን።»

ቃኚው እንዲህ ያለ ወሬ የሚያስቀው ሰው ነው። ሽቦዎቹን ሲወጥር አረፈደና ቀትር ሲቃረብ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ ፒያኖው እየተጫወተ ነበር። ደረጃው ላይ ቆሞ አዳመጠ። ዜማው ዝግ ያለ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ይሰናከልና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

በሩን ሲከፍት ጸጥ አለ። ሳሎኑ ባዶ ነው። መቀመጫውን ቢዳስሰው ይሞቃል። እጁን ሰብስቦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሽማግሌው በጎን ባለው ክፍል አልጋቸው ላይ ተጋድመዋል፤ አንድ እግር ነጠላ ጫማቸው ግን ሳሎኑ በር ላይ ወድቋል። ልጅቷ የምሳ ሳህን ይዛ ከኩሽና ወጣችና ምን እንዳስደነገጠው ጠየቀችው። ዛሬም ምንም እንዳልሰማች ነገረችው።

እሷ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ ቃኚው ጎንበስ ብሎ ፒያኖውን መረመረ። ከቁልፎቹ ፊት ያለው እንጨት ሁለት ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቋል። ፒያኖ የተማረ ሰው አንጓውን አንሥቶ፣ ትከሻውን ለቆ ነው የሚጫወተው። አንጓውን እንጨት ላይ አስደግፎ በጣቱ ብቻ የሚለቅም፣ ጽሕፈት የለመደ ሰው ነው። ነገሩ ገባው። ፍርሃቱ ለቀቀው። ለአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይሄ እንዴት ይነገራል?

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ የሚጫወተው በሕይወት ያለ ሰው ነው። አቀማመጡ የጸሐፊ ነው። ምናልባት ሳይታወቅዎ እርስዎ ራስዎ…»

ሽማግሌው ክንዱን ያዙት። ልጃቸው በእርግጥ መውጣቷን ሁለት ጊዜ ጠየቁት።

«ከመሄድህ በፊት የፒያኖውን መቀመጫ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርግልኝ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ልጄ ቢሮ እንደለመደችው ተቀምጣ ስትጫወት አንጓዋን ጎዳች፤ እሷ መሆኗን እንደማውቅ፣ በር ላይ ቆሜ እንደማዳምጣት ካወቀች ደግሞ ትተወዋለች።»